ጌጡ ቀላል፣ መላኪያው ከባድ

(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ክፍል ንግግር ሲጀምር ሰው ማንቀላፋት እንደሚጀምር እናውቃለን። ስለዚህ ዛሬ ሙሉውን የሒሳብ ሪፖርት አናነብም፤ የምንናገረው ስለ አንድ የወጪ ዓይነት ብቻ ነው። እሱም በእጃችን የሠራናቸውን ትናንሽ ጌጣጌጦች ለደንበኛ ለማድረስ የምንከፍለው የመላኪያ ሒሳብ ነው።

ቀድሞ ይህ ወጪ አልነበረብንም፤ ደንበኛው ራሱ ይመጣ ነበር። ፋሲል ግቢን ሊያይ የመጣው፣ ወደ ሰሜን ተራሮች ለመውጣት ጎንደር ያደረው እንግዳ ጨሌውንና ጉትቻውን ከእጃችን ገዝቶ በኪሱ ይዞት ይሄድ ነበር። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ግን መጀመሪያ ኮሮና፣ ቀጥሎ ጦርነት፣ ከዚያም የክልላችን ግጭት ተደራረበና እንግዳው ቀረ። የልጆች ቀለብና የትምህርት ቤት ወጪ ግን አልቀረም። ደንበኛው ወደ እኛ መምጣቱን ሲተው እኛ ወደ ደንበኛው መላክ ጀመርን፤ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ዋሽንግተን፣ ወደ ቶሮንቶ፣ ወደ ቴል አቪቭ።

በመጀመሪያው ዓመት ትእዛዝ በመጣ ቁጥር ደስ እያለን ላክን። መዝገቡን ስንዘጋ ግን አንድ ነገር ዓይናችን ውስጥ ገባ። ከአክርማና ከስንደዶ በተሰፋች አንዲት ጥንድ የጆሮ ጌጥ ላይ፣ ለሰፊዋ ከከፈልነው ለመላኪያ የከፈልነው በልጦ ተገኘ። ተሳስተን ይሆናል ብለን ሁለት ጊዜ ደመርን፤ ስሕተት የለበትም። ይህንን ለአንዲት የደባርቅ እናት ስንነግራቸው፣ «ለመሆኑ አሜሪካ የሄደው ጉትቻው ነው ወይስ ካርቶኑ?» ብለው ጠየቁን። እኛም ሳቅን። ቢሯችን ገብተን ስናስበው ግን እውነታቸውን ነው። የከፈልነው ለካርቶኑና በካርቶኑ ውስጥ ላለው አየር ነበር።

እንግዲህ መላኪያ የሚሰላው እንዴት ነው? ይህን ካወቅን ግማሹን መንገድ ሄድን ማለት ነው።

የፖስታ ዋጋ የሚወጣው በክብደት እርከን ነው። ጥቅሉ ከአንዱ እርከን በአንዲት ግራም ካለፈ የሚቀጥለውን እርከን ሙሉ ዋጋ እንከፍላለን። ስለዚህ ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ደርሰን ከመደንገጣችን በፊት ሚዛኑ እኛው ዘንድ መኖር አለበት። ግራም የምትለካ ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ትበቃናለች። የምንመዝነው ደግሞ ጌጡን ብቻ ሳይሆን ማሸጊያ ፕላስተሩም አድራሻ የተጻፈበት ወረቀትም ተለጥፎ ካለቀ በኋላ ነው።

በዓለም የፖስታ ኅብረት ደንብ «ትንሽ ጥቅል» የሚባለው እስከ 2 ኪሎ የሚመዝን፣ ርዝመቱ፣ ወርዱና ከፍታው ሲደመር ከ90 ሳንቲ ሜትር የማያልፍ፣ አንዱም ጎኑ ከ60 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ ነው። በሌላ በኩል አድራሻ የሚጻፍበት ገጽ ከ9 በ14 ሳንቲ ሜትር እንዳያንስ ይጠይቃል። ከዚህ ያነሰች ፖስታ ትንሽ ብትሆንም ችግር ታመጣለች፤ አድራሻና የጉምሩክ ቅጽ መለጠፊያ ቦታ አይኖራትም። የእኛ ጉትቻና ቀለበት በዚህ ልክ ውስጥ ገብቶ ብዙ ቦታ ይተርፈዋል።

ፈጣን መልእክት አድራሾች ዘንድ ደግሞ ሌላ ስሌት አለ። እንደ ዲ.ኤች.ኤል ያሉት ድርጅቶች ክብደቱንም የያዘውን ቦታም ያሰሉና የበለጠውን ያስከፍላሉ። ቦታውን የሚያሰሉት ርዝመቱን በወርዱ፣ በከፍታው አባዝተው ለ5000 በማካፈል ነው። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 80 ግራም የምትመዝን ድሪ 30 በ20 በ15 ሳንቲ ሜትር በሆነ የጫማ ካርቶን ብንልክ ብዜቱ 9000 ይሆናል። ለ5000 ሲካፈል 1.8 ኪሎ ነው፤ በግማሽ ኪሎ እርከን ስለሚጠጋጋ የ2 ኪሎ ዋጋ እንከፍላለን። ያችኑ ድሪ 20 በ15 በ5 በሆነች ሣጥን ብንልካት 0.3 ኪሎ ስለሚሆን የግማሽ ኪሎ እንከፍላለን። ድሪዋ ያችው ናት፤ የተቀነሰው አየሩ ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራችን መጠቅለያውን ማስተካከል ነው። በዚህ ዓመት ሞክረን የተሳካልንን እንንገራችሁ።

ጉትቻ በሣጥን መሄድ የለበትም። ከአሮጌ ደብተር ሽፋን ካርድ ቆርጣችሁ ሁለቱን በክር ስፏቸው፤ አይጋጩም፣ አይጠፋፉም። ጨሌም እንዲሁ ካርድ ላይ ተዘርግቶ በሦስትና በአራት ቦታ በክር ከተያዘ አይወሳሰብም፣ ጥቅሉም ጠፍጣፋ ይሆናል። ከፋይ ጨርቅ የለበሰችው የቀለበት ሣጥን ታምራለች፤ ግን ብዙ ጊዜ ከቀለበቱ ትከብዳለች። በእሷ ፈንታ ከሸማኔ የተረፈ የጥለት ቁራጭ ሰፍተን ትንሽ ከረጢት አደረግን። ደንበኞቻችን ከረጢቷን ከጌጡ እኩል ወደዷት፤ ክብደቷ ደግሞ ከምንም አይቆጠርም። እንዳይሰበር የሚፈራውን ጌጥ በጋዜጣ ክምር ፈንታ በባዘቶ ጠቅለሉት። ባዘቶ እኛ ዘንድ አለ፣ ቀላል ነው፣ ንጹሕ ነው። ጭድና ሣር ግን ለመደገፊያ አታድርጉ። ብዙ አገሮች የተባይና የዘር ፍራቻ ስላለባቸው ድንበር ላይ ይይዙታል። ብሩ እንዳይጠቁር ደግሞ ከባዘቶው በፊት በስስ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ ይታሰር።

ሁለተኛው ሥራ አንድ ላይ መላክ ነው። አበው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላሉ። ለመላኪያ ግን ተረቱን ገልብጠን ብናነበው ይሻላል፤ ሃምሳ ጌጥ በሃምሳ ፖስታ ሲሄድ ሸክም ነው፣ በአንድ ፖስታ ሲሄድ ሎሚ ነው።

ስሌቱን እንይ። እንበልና አንዱ እርከን እስከ 100 ግራም ነው፤ ጥንዷ ጉትቻ 15 ግራም፣ መጠቅለያው 35 ግራም ይመዝናል። ተደምሮ 50 ግራም ነው፤ የምንከፍለው ግን የ100 ግራሙን ነው። በዚያው መጠቅለያ አራት ጥንድ ብናደርግ 95 ግራም ይሆናል፤ ክፍያው ያው ነው። በአደራ ተመዝግቦ ሲሄድ ለምዝገባው የሚከፈለውም በጥቅል እንጂ በጌጥ ቁጥር አይደለም። ስለዚህ ደንበኛዋ አንድ ጥንድ ስታዝ፣ «እኅትሽ ወይም ጎረቤትሽ አብራሽ ብታዝ መላኪያውን ትካፈላላችሁ» እንበላት። በውጭ ያሉ እህቶቻችን ዕቁብ ይጥላሉ፣ ዕድር አላቸው፣ ቤተ ክርስቲያን ይገናኛሉ። አንዷ አዝዛ ለሌሎቹ ብታካፍል ለእነሱም ለእኛም ይቀላል።

በእኛም በኩል ቀን መቁረጥ አለብን። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ለአንዲት ጉትቻ ብላ አንዲት እህት የትራንስፖርት ከፍላ ስትወርድ ያ ወጪ በመዝገባችን አይታይም፤ ከኪሷ ግን ወጥቷል። ከአሁን በኋላ በሁለት ሳምንት አንድ ቀን የመላኪያ ቀን እንዲሆን፣ ከየወረዳው የተሰበሰበው ለጉዳይዋ ወደ ጎንደር በምትወርድ አባል እጅ በዝርዝር ተፈርሞ እንዲመጣ ሐሳብ እናቀርባለን። ለደንበኛውም ቀኑን አስቀድመን እንነግረዋለን። ሰው መዘግየቱን ካወቀው ይታገሣል፤ የሚያስከፋው ሳይነገረው ሲዘገይ ነው።

ሦስተኛው ጉዳይ በምን እንላክ የሚለው ነው። አገራችን ፖስታን ያወቀችው ዛሬ አይደለም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1886 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ በ1901 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የዓለም የፖስታ ኅብረት አባል ሆነች። በ2010 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የኅብረቱ አስቸኳይ ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ተደርጎ ነበር። ይህን ታሪክ ያነሣነው ለክብሩ ብቻ አይደለም። የእኛን ትንሽ ጥቅል ተቀብሎ ደጅ የሚያደርሰው የሌላ አገር ፖስታ ስለሆነ የእኛ ፖስታ ለዚያ አገር ይከፍላል። ይህ ክፍያ ለትናንሽ ጥቅሎች አነስተኛ ነው ብለው ትልልቆቹ አገሮች ሲያጉረመርሙ ቆዩ። በመስከረም 2012 ዓ.ም. ጄኔቭ ላይ በተደረገው ሌላ አስቸኳይ ጉባኤ፣ ተቀባይ አገሮች የራሳቸውን ተመን ደረጃ በደረጃ እንዲያወጡ ተፈቀደ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ በውጭ ምንዛሪ የሚታሰብ ነገር ሁሉ በብር ሲቆጠር ከበደ። እንግዲህ መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ ዋጋ ስትነግረን እሷን መቆጣት ዋጋ የለውም። ነገሩ የመጣው ከሩቅ ነው።

እኛ የምንመርጠው እንዲህ ነው። አንድ ሁለት ጌጥ፣ የማይቸኩል ደንበኛ ከሆነ በአደራ ተመዝግቦ የሚሄድ ትንሽ ጥቅል። ለሠርግ ወይም ለቁርጥ ቀን የሚፈለግ ከሆነ የፖስታው ፈጣን አገልግሎት፣ ኢ.ኤም.ኤስ። ዋጋው ከፍ ያለ ብዙ ጌጥ ከሆነ ደግሞ የሦስቱን ዋጋ ጠይቀን እናወዳድራለን። ፈጣን የሆነው ሁልጊዜ ውድ አይደለም፤ ርካሹም ሁልጊዜ ርካሽ አይደለም። ይህን የመጨረሻውን ነገር በራሳችን ጥፋት ስለተማርነው ሳንደብቅ እንናገራለን።

ባለፈው ዓመት አንዲት እህታችን ከአንጥረኛ በገዛ ገንዘቧ የገዛችውን የብር ፍሬ ከጨሌ ጋር አስገብታ ድሪ ሠራች። ሦስት ሳምንት ፈጅቶባታል። ደንበኛዋ ውጭ አገር ነበረች። እኛ የሒሳብ ክፍሎቹ መላኪያ እንቀንስ ብለን የምዝገባውን ክፍያ ተውነውና በተራ ደብዳቤ እንዲሄድ አደረግን። ድሪው አልደረሰም። የምንከታተልበት ቁጥር ስላልነበረን የት እንደቀረ ልንጠይቅ እንኳ አልቻልንም። ለደንበኛዋ ገንዘቧን መለስን። ለእህታችን የብሩን ዋጋ ከቁጠባችን ከፈልናት፤ የሦስት ሳምንት ድካሟን ግን አልከፈልናትም። እሷ ምንም አላለችም። ዛሬም ከመካከላችሁ ተቀምጣለች። ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የእኛ ነው።

በኋላ ደንቡን ስናነብ ያደረግነው ከመጀመሪያውም የማይፈቀድ ሆኖ አገኘነው። የዓለም የፖስታ ስምምነት ወርቅ፣ ብር፣ የከበረ ድንጋይና የመሳሰለው ውድ ነገር ዋስትና በሌለው ተራ ደብዳቤ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል። የላኪውና የተቀባዩ አገር ሕግ ከፈቀደ ቢያንስ ታሽጎ በአደራ ተመዝግቦ መሄድ አለበት። ስለዚህ ከእንግዲህ በማኅበራችን አንድ ሕግ ይኑር፤ ብር ያለበት ጌጥ ያለ ምዝገባ ከበር አይውጣ። መላኪያው ከጌጡ ጋር የማይመጣጠን ከሆነ አለመላክ ይሻላል። በአየሩ ላይ እንቆጥብ፤ በአደራው ላይ አንቆጥብ።

በእውነቱም ላይ አንቆጥብ። ጥቅሉ ላይ የሚለጠፈው የጉምሩክ ቅጽ ምን እንዳለበት፣ ክብደቱንና ዋጋውን ይጠይቃል። አንዳንድ ደንበኛ «ስጦታ ብላችሁ ጻፉ፣ ዋጋውንም ዝቅ አድርጉት» ይለናል። የተሸጠ ነገር ስጦታ አይደለም። ዋጋውን ዝቅ አድርገን ጽፈን ቢጠፋ ደግሞ ካሣ የምንጠይቀው ዝቅ ባለው ዋጋ ነው። ዝርዝሩ ግልጽ ይሁን፤ «ጌጥ» ብቻ ሳይሆን «ከመስታወት ጨሌ የተሠራ የአንገት ጌጥ» ተብሎ ይጻፍ። ከቀንድ የተሠራውን «የከብት ቀንድ» በሉት፤ የዝሆን ጥርስ ነው ተብሎ እንዳይጠረጠር። አሮጌ የሚመስል መስቀል ወይም የጥንት ብር ያለበት ጌጥ ሲሆን፣ በቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣምና አስቀድመን ቅርስ አለመሆኑን የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት እናረጋግጥ።

ቀረጥም አለ። አሜሪካ እስከ 800 ዶላር ለሚያወጣ ጥቅል ትሰጠው የነበረውን ከቀረጥ ነፃ መብት ከነሐሴ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ አንሥታለች። በዚያ ሰሞን የብዙ አገር ፖስታ ቤቶች ወደ አሜሪካ ዕቃ መቀበል አቁመው ነበር። በአውሮፓ ኅብረት አገሮችም ከሰኔ 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ወዲህ ትንሽ ናት ተብሎ ከተጨማሪ እሴት ታክስ የምትተርፍ ጥቅል የለችም። ስለዚህ ትእዛዙን ከመቀበላችን በፊት ፖስታ ቤት ደውለን ወደዚያ አገር ዕቃ እየሄደ መሆኑንና ቀረጡን ማን እንደሚከፍል እንወቅ፤ ለደንበኛውም በጽሑፍ እንንገረው። ደንበኛው ያላሰበው ክፍያ ሲመጣበት ጥቅሉን አልቀበልም ይላል፤ ያኔ የመሄጃውም ገንዘብ ባከነ።

በሰው እጅ መላክንስ? ይህ የአገራችን የቆየ ልማድ ነው። በርበሬውም ሽሮውም የሚሻገረው በተጓዥ ሻንጣ ነው። አንድ የአውሮፕላን ሻንጣ እስከ 23 ኪሎ ይይዛል፤ የእኛ የሁለት ወር ሥራ ግን አንድ ኪሎ አይሞላም። የምናምነው ሰው ሲጓዝ ብዙ ጌጥ አንድ ላይ ሰጥተነው፣ እዚያ ያለች አባላችን ተቀብላ በዚያው አገር ፖስታ ለየደንበኛው ብትልክ ብዙ ወጪ ይቀንሳል። ሁለት ነገር ግን አንርሳ። አንደኛ፣ የታሸገ ነገር ለማንም አንስጥ፤ ከፍተን አሳይተን፣ ዝርዝሩንና ደረሰኙን በእጁ እንስጠው። ሁለተኛ፣ ለሽያጭ የሄደ መሆኑን ተጓዡ ጉምሩክ ላይ እንዲናገር እንንገረው። ሰው ውለታ ሊሠራልን ብሎ እንዳይንገላታ።

መጨረሻ ላይ ወደ መዝገባችን እንመለስ። እስከ ዛሬ ዋጋ ስንነግር «መላኪያውን ጨምሮ» እያልን አንድ ቁጥር እንናገር ነበር። ያ ነው ዓይናችንን የጋረደው። መላኪያው ሲጨምር ዋጋውን ስላልጨመርን ልዩነቱ የተወሰደው ከሰፊዋ ድርሻ ነበር። ከዚህ ወር ጀምሮ መዝገቡ ሦስት ዓምድ አለው፤ የሠሪዋ፣ የመጠቅለያው፣ የመላኪያው። ለደንበኛውም ሁለት ዋጋ ለየብቻ እንነግራለን፤ የጌጡንና የመላኪያውን። የሠሪዋ ዓምድ ለመላኪያ ሲባል አይነካም። አንዲት ጥንድ ብቻ ወደ ውጭ እንዲላክለት የሚፈልግ ሰው መላኪያውን አውቆ ከከፈለ ደስ ይለናል፤ ካልሆነ ሌሎች ትእዛዞች እስኪደርሱ ይጠብቃል።

ለውሳኔ የምናቀርበው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ በየሁለት ሳምንቱ የመላኪያ ቀን እንዲቆረጥ፤ ለጎንደር ቢሮና ለደባርቅ አንዳንድ ሚዛን እንዲገዛ። ሁለተኛ፣ ከእያንዳንዱ ጥቅል ጥቂት ብር እየተቀነሰ ለጠፋ ዕቃ መጠባበቂያ እንዲቀመጥ፤ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ተብሏልና። ሦስተኛ፣ ከዚያ መጠባበቂያ የመጀመሪያው ክፍያ የዚያች እህታችን የሦስት ሳምንት ድካም እንዲሆን። ሒሳቡን ሠርተን አዘጋጅተናል፤ የሚቀረው የእናንተ እጅ ማውጣት ነው።

ለጋሽ ወዳጆቻችን፣ ከእናንተ ዛሬ ገንዘብ አንጠይቅም። በምትኖሩበት ከተማ ጥቅል ተቀብላችሁ ለደንበኞች የምታካፍሉልን አንድ አድራሻ ብትሰጡን ከብዙ ብር ይበልጥብናል። አንዳችሁ ወደ ጎንደር ስትመጡም በመመለሻ ሻንጣችሁ አንድ ኪሎ ቦታ አስቀሩልን።

የደባርቋ እናታችንም ዛሬ እዚህ አሉ። በሚቀጥለው ዓመት መዝገቡን ስንዘጋ አሜሪካ የሄደው ጉትቻው መሆኑን በቁጥር እናሳይዎታለን።